«ከውጭ ነው የመጣሁት»፦ የአንዲት የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አመልካች ጉዳይ

ጁላይ 2024 መጀመሪያ ላይ ነው። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ የአክስቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ እስቲ ይሄን እየው» አለችኝ። የኮሌጁ ቢል ነው። የያዘችው ሁለት ክላስ ብቻ ነው። የተጠየቀችው ብር ግን ባለቤቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያው ኮሌጅ ለአራት ክላስ ከከፈለችው ይበልጣል።

ሌላ ምንም አላለችም። ፊቴን ነው የምታየው። ከኤፕሪል ጀምሮ አንዲት አዛውንት ቤት ሆም ኬር ትሠራለች። ደሞዟን ሳትነካ ለትምህርቷ ስታጠራቅም ነበር። ያጠራቀመችውን ሁሉ ብትሰጥ ቢሉን አይሸፍንም።

ይህን የምጽፈው እሷ ፈቅዳልኝ ነው። ስሟን አልጠቅስም፣ ኮሌጁንም አልጠቅስም። ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም የማይርቅ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው፤ ይሄ ይበቃል። ያንኑ ቅጽ ዛሬ ማታ ብቻውን ቁጭ ብሎ የሚሞላ አዲስ ገቢ ይኖራል። ለእሱ ብዬ ነው።

ልጅቷ አዲስ አበባ ነው ያደገችው። 12ኛ ክፍልን በ2007 ዓ.ም. ጨረሰች። ከአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ በ2010 ዓ.ም. ተመረቀች። የሦስት ዓመት ዲግሪ ነው። ከዚያ ባንክ ገብታ ሠራች። ዲቪ ደርሷት ማርች 2024 እኛ ቤት ገባች። ከመጣች በሳምንቱ «ነርሲንግ ነው የምማረው» አለች። እናቷን ለሁለት ዓመት አስታማ ነው የቀበረቻት። ለምን ነርሲንግ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለእንደሷ ዓይነት ሰው የተሠራ ትምህርት ቤት ነው ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው በ1901 ኢሊኖይ ውስጥ ጆሊየት ላይ ተከፈተ። ዛሬ ሜሪላንድ ብቻውን 16 አለው። ኤስ ኤ ቲ የሚባለውን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አይጠይቁም፣ ከክፍል አንደኛ መውጣትም አይጠይቁም። ሃይስኩል የጨረሰ ይገባል። 60 ክሬዲት ገደማ ወስዶ አሶሺየት የሚባለውን የሁለት ዓመት ዲግሪ ይይዛል፤ ከፈለገ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ይሻገራል። ባለቤቴም በዚሁ መንገድ ነው ያለፈችው።

ስለዚህ ሜይ ላይ «እንዴት ነው የማመለክተው?» ስትለኝ «ቀላል ነው፣ ኦንላይን ሙዪው» አልኳት። የማታ ሺፍት ነበረኝ። እሷም ሌሊት ብቻዋን ሞላችው። ተቀብለንሻል የሚለው ኢሜይል በሁለተኛው ቀን መጣ። ቤት ውስጥ እልል ተባለ፣ ቡና ተፈላ። አብሬያት ቁጭ ማለት የነበረብኝ ያን ሌሊት ነበር። ኮሌጁ ሁሉንም ስለሚቀበል የመቀበያው ኢሜይል የሚነግረን ነገር የለም። ሁሉን የሚወስነው በየሳጥኑ የሰጠነው መልስ ነው።

ቢሉ የመጣ ዕለት ማታ የሞላችውን ማመልከቻ ከፈትን። ገጽ በገጽ ወረድን። ሦስተኛው ገጽ ላይ ጣቴ ቆመ። «ኢንተርናሽናል ስቱደንት ነሽ?» ይላል። «አዎ» ላይ ቲክ አድርጋለች።

«ይሄን ለምን አዎ አልሽ?»

«ከውጭ ነው የመጣሁት አይደል እንዴ ጋሼ?»

ትክክሏን ነው። በሰው አማርኛ ከውጭ የመጣ ሰው ኢንተርናሽናል ነው። በኮሌጅ ቋንቋ ግን ኢንተርናሽናል ስቱደንት ማለት በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ የመጣ፣ ትምህርቱን ጨርሶ ይመለሳል ተብሎ የሚታሰብ ሰው ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ነዋሪ ነው። ያቺ አንዲት ምልክት ግን ከስቴቱ ውጭ ያለ ሰው የሚከፍለውን ዋጋ አመጣችባት። ሜሪላንድ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ሦስት ዋጋ አላቸው። ኮሌጁ ያለበት ካውንቲ፣ ማለትም ወረዳ፣ ነዋሪ አነስተኛውን ይከፍላል፤ የሌላ ካውንቲ ነዋሪ ከዚያ ከፍ ይልበታል፤ ከስቴቱ ውጭ ያለው ደግሞ ከካውንቲው ነዋሪ ከእጥፍ በላይ ይጠየቃል። ክላሱ ያው፣ አስተማሪው ያው፣ ወንበሩም ያው ነው።

በማግስቱ አብረን ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ደግ ነበረች። «ነዋሪ መሆንሽን የሚያሳይ ወረቀት አምጪ» አለቻት። ደንቡ ቢያንስ ሦስት ወር መኖርን ይጠይቃል። ትምህርት የሚጀመረው ኦገስት መጨረሻ ነው፣ እሷ የገባችው ማርች ነው፣ ጊዜው ሞልቷል። ወንዙን ተሻግራ ቨርጂኒያ ብትገባ ኖሮ ለነዋሪ ዋጋ አንድ ዓመት መጠበቅ ነበረባት። ዘመድ የትኛው ስቴት እንዳለ አይቶ የሚገባ ሰው ይህን አስቀድሞ የሚነግረው የለም።

ጊዜው ቢሞላም ማስረጃው ከየት ይምጣ? ሊዙ፣ ማለትም የቤት ኪራይ ውሉ፣ በኔ ስም ነው። መብራቱ በኔ ስም ነው። ኢንተርኔቱ በባለቤቴ ስም ነው። ልጅቷ አራት ወር እኛ ቤት አድራ፣ እኛ ቤት መኖሯን የሚያሳይ አንድ ወረቀት የላትም። ዘመድ ቤት ያረፈ ሐበሻ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚጣበቀው።

ያገኘነውን ሰበሰብን። ግሪን ካርዷን፣ መንጃ ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ከኤም ቪ ኤ ያወጣችውን የሜሪላንድ መታወቂያ፣ ከኤፕሪል ጀምሮ ያለውን የባንክ ስቴትመንት፣ አድራሻችን ያለበትን የደሞዝ ወረቀት። እኔ ደግሞ ከኔ ጋር እንደምትኖር የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፌ ፊርማ የሚያረጋግጥ ኖተሪ ፊት ፈረምኩ፣ የሊዙን ኮፒ አያያዝኩ። በአሥረኛው ቀን ቢሉ ወረደ። በመጣችበት ሳምንት የባንክ አካውንት ከፍተን አድራሻችንን ስላስገባን ነው የተረፈችው። ያን ያደረግነው ደሞዝ እንዲገባላት ብለን እንጂ ኮሌጅን አስበን አልነበረም።

የስሙ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ይህን በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከኛ አገር የመጣ ሰው ሁሉ ላይ ይደርሳል።

አንድ እሁድ ከሰዓት ወረቀቶቿን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው። ግሪን ካርዱ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈው የአያቷ ስም ነው። የራሷና የአባቷ ስም አንድ ላይ ተያይዞ በመጀመሪያ ስም ቦታ ገብቷል። ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱም እንደዚያው ነው። ከዩኒቨርሲቲ የያዘችው ስቱደንት ኮፒ ላይ ሦስቱ ስም በአንድ መስመር ተከታትሏል። የኮሌጁን ማመልከቻ ስትሞላ ግን አገር ቤት እንደለመደችው ስም የራሷን፣ የአባት ስም የአባቷን ነው የጻፈችው። ለእሷ ላስት ኔም ማለት አባቷ ናቸው። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

ፋፍሳን፣ ማለትም የፌዴራሉን የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ፣ ስንሞላ አካውንቱ ከሶሻል ሴኩሪቲ ጋር ስለሚመሳከር እንደ ካርዱ ጻፍን። ስለዚህ ለፌዴራሉ መንግሥት የአያቷ ልጅ ሆነች፣ ለኮሌጁ ደግሞ የአባቷ። ኮሌጁ ፋፍሳው ሲደርሰው ከየትኛዋ ተማሪ ጋር እንደሚያገናኘው አላወቀም። ለሦስት ሳምንት «ፋፍሳ አልሞላሽም» እያለ ኢሜይል ላከ፣ እኛ «ሞልተናል» እያልን መለስን። መጨረሻ ላይ የኮሌጁን መዝገብ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዷ አስተካከልነው። የስም ማስተካከያ ቅጽ ሞላች፣ የካርዱን ኮፒ ሰጠች፣ አለቀ። እሷ ግን አዲሱን የኮሌጅ መታወቂያ ይዛ ስትወጣ «አባቴ ጠፋ» አለችኝ። መልስ አላገኘሁላትም።

ዓመተ ምህረቱም የራሱ ጣጣ ነበረው። ሃይስኩል የጨረሰችበትን ዓመት 2007 ብላ ሞልታለች። በነሱ አቆጣጠር በአሥር ዓመቷ ሃይስኩል ጨርሳለች ማለት ነው። ቅጹ ዝም ብሎ ተቀብሎታል። ከወር በኋላ ግን ሃይስኩል መጨረሷን እንድታረጋግጥ የሚጠይቅ ደብዳቤ መጣ። 2015 ብለን አርመን የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቷን ላክን።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ፋፍሳ ላይ «ባችለርስ ዲግሪ፣ ማለትም የመጀመሪያ ዲግሪ፣ አለሽ ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ። ጥያቄው እንዲሁ አልተቀመጠም። ፔል ግራንት የሚባለው፣ የማይመለሰው የፌዴራል እርዳታ፣ ባችለርስ ዲግሪ ለሌላቸው ብቻ ነው። በ2024–25 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። በነዋሪ ዋጋ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚማር ሰው ይህ ገንዘብ ክፍያውን ሸፍኖ ለመጽሐፍም ሊተርፍ ይችላል።

ከቤተክርስቲያን መልስ ሻይ ላይ ነገሩን ስታነሳ ምክሩ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። «ዲግሪ አለኝ እንዳትዪ።» «ኢትዮጵያ የተማርሽውን ማን ያውቃል?» «እኔ አላልኩም፣ ምን ሆንኩ?» በክፋት አልነበረም። ሁሉም የሚረዳት መስሎት ነው። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሌሊት አመንትቻለሁ። ልጅቷ በቀን አሥር ሰዓት ትሠራለች። ማንም አይጎዳም የሚል ሐሳብ መጣብኝ።

ጠዋት ላይ ግን የፋፍሳውን ጽሑፍ አብረን አነበብነው። ሆን ብሎ የውሸት መረጃ የሰጠ እስከ 20,000 ዶላር ሊቀጣ፣ ሊታሰርም እንደሚችል እዚያው ተጽፏል። የሚፈረመው ለፌዴራል መንግሥት ነው። እሷም ገና ዜግነት የምትጠይቅ ሰው ናት። ከዚያ በላይ እኔን የቆረቆረኝ ሌላ ነው። ዲግሪውን ከደበቀችው ሦስት ዓመት የተማረችው ሁሉ እዚህ አገር እንዳልነበረ ይቆጠራል። ዩኒቨርሲቲ የወሰደችውን ስታቲስቲክስ እንደገና ከፍላ ልትማር ነው። እሷ ራሷ ናት የቆረጠችው። «ያን ዲግሪ እናቴ ናት ያስተማረችኝ፤ የለኝም አልልም» አለች። «አዎ» ብላ ሞላች።

የኮሌጁ የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ውስጥ ያገኘነው ሰው ግን ያልጠበቅነውን ነገር ነገረን። የውጭ አገር ዲግሪ ሁልጊዜ ከአሜሪካው ባችለርስ ጋር እኩል አይደለም። ትምህርቱ ስንት ዓመት እንደወሰደ የሚያሳይ ማስረጃ ወይም የትራንስክሪፕት ምዘና ካቀረበች ቢሮው አይቶ ይወስናል። እኩል ካልሆነ ፔል ሊፈቀድላት ይችላል። ስለ ሦስት ዓመት ዲግሪ ይህን ከሻይ ጠረጴዛው ሰዎች አንዱም አያውቅም ነበር። ለመዋሸት የቸኮልንበት ጥያቄ በሕጋዊ መንገድ የሚጠየቅበት በር ነበረው።

ለምዘና ድርጅቱ ግን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ያስፈልጋል፤ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ፣ በታሸገ ፖስታ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል፦ ኮስት ሼሪንግ። የወጪ መጋራቱን ከፍሎ ክሊራንስ ያላመጣ ሰው ከስቱደንት ኮፒ አያልፍም። እሷ ደግሞ ከደሞዟ እየተቆረጠ ቢቆይም ሳትጨርስ ነው የመጣችው።

ለወንድሟ ውክልና መስጠት ነበረባት። ዲሲ፣ ኢንተርናሽናል ድራይቭ ያለው ኤምባሲያችን ሄደን አስጻፍን። ዋናውን ወረቀት ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሰጠን። ወንድሟ ውጭ ጉዳይ ወስዶ አረጋገጠው። ከዚያ የቀረውን ዕዳ ከፈለ፣ ክሊራንሱን ያዘ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ከተማ ሄደ። አንድ ቀን ሲስተም የለም ተባለ፣ አንድ ቀን ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ሦስተኛው ቀን ማታ ደወለ። ስፒከር ላይ አድርገን ነበር የሰማነው። «ታሽጎ ተልኳል፣ ማኅተሙን በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። ልጅቷ አለቀሰች። ይህ ሁሉ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ፈጀ።

ለሌላ ሰው ብናገር የምመክረው አንድ ነገር ይህ ነው። ቪዛው እጅህ ከገባ ቀን ጀምሮ፣ ገና አገር ቤት እያለህ፣ ኮስት ሼሪንግህን ጨርስና ኦፊሻሉን የምታስልክበትን መንገድ አበጅ። ሻንጣ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ለመክተት የምናጠፋውን ጊዜ ግማሹን ለዚህ ብንሰጥ ወራት ይተርፋል።

የምዘናው ውጤት ኖቬምበር ላይ መጣ። የእሷ ዲግሪ ከአሜሪካ ባችለርስ ጋር እኩል ነው ይላል። ስለዚህ ፔል ግራንት የለም። እርዳታ ቢሮው ዲግሪ ላለው ሰውም የፌዴራል ብድር መውሰድ እንደሚቻል ነገራት። እሷ ወለድ ያለው ነገር አልወደደችም። ክፍያውን በየወሩ ከፋፍላ መክፈል መረጠች።

ፔሉን አጣች። ነገር ግን ያው ምዘና ለኮሌጁ ሲቀርብ ስታቲስቲክስ፣ ሳይኮሎጂና ኢኮኖሚክስ ተያዘላት። ከሦስቱ ሁለቱ ለነርሲንግ የሚፈለጉ ናቸው። እንግሊዝኛው አልተያዘም። ገንዘቡን ከገንዘብ ጋር ካነጻጸርነው ያጣችው ይበልጣል፤ ይህን አልደብቅም። ቢሆንም ስሟም፣ ዲግሪዋም፣ ዓመተ ምህረቱም በሁሉም መዝገብ ላይ አንድ ሆነ።

ስለ ፋፍሳ ሁለት ነገር ልጨምር። ማመልከቻው ነጻ ነው፤ ለመሙላት ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ አትክፈሉ፣ ኮሌጁ ራሱ በነጻ ያግዛል። ቅጹ የሚጠይቀው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ገቢ ነው። ለእሷ የ2022 ገቢ ማለት የባንኩ ደሞዟ ነበር፤ ከብር ወደ ዶላር ቀይረን ሞላነው። ደግሞ ግሪን ካርድ ያለው፣ አሳይለም፣ ማለትም ጥገኝነት፣ የተፈቀደለትና ስደተኛ ሆኖ የገባ ሰው ይሞላል። አሳይለም ጠይቆ ገና መልስ የሚጠብቅ ግን ከፌዴራሉ አያገኝም። እነዚህ ልጆች መማር ይችላሉ፣ ኮሌጁ በሩን አይዘጋባቸውም። ነገር ግን የሚሞላውን ቅጽና የሚጠየቁትን ዋጋ ለይተው ከኮሌጁ መጠየቅ አለባቸው።

ከገቡ በኋላ ደረጃ የሚለየውን ፈተና በአጭሩ ልለፈው። እንግሊዝኛው ከፍተኛው የኢ ኤስ ኤል፣ ማለትም እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው ትምህርት፣ ደረጃ ላይ አስቀመጣት። ባንክ ውስጥ ሪፖርት በእንግሊዝኛ ትጽፍ ለነበረች ሴት ሞራል ይነካል። አንድ ሴሚስተር ነው የወሰደባት። አሁን እሷው ራሷ ጠቅሞኛል ትላለች።

እዚህ ድረስ ያለው ወደ ኮሌጁ ለመግባት ነው። ነርሲንግ ግን ሌላ በር ነው፣ ይህን ብዙ ሰው ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ኮሌጁ ሁሉንም ይቀበላል፣ የነርሲንግ ፕሮግራሙ ግን ይመርጣል። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ እነዚህን ቀድማ በጥሩ ውጤት መጨረስ አለባት። ከዚያ ለፕሮግራሙ እንደ አዲስ ታመለክታለች፣ ቦታውም የተወሰነ ነው። ካለፈች፣ ፕሮግራሙን ጨርሳ ኤንክሌክስ የተባለውን የነርስነት ፈቃድ ፈተና ትወስዳለች። የአራት ዓመት ዲግሪ ያላት ነርስም የምትወስደው ያንኑ ፈተና ነው። «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባሁ፣ ነርስ ልሆን ነው» ብሎ ሥራ የቀነሰ ሰው አውቃለሁ። የተለየ ማመልከቻ እንዳለ የሰማው በሁለተኛ ዓመቱ ነው።

እሷ ሥራዋን አልቀነሰችም። አናቶሚ አንድን በኤ ጨረሰች። ሁለተኛውን ስትወስድ የአጥንትና የነርቭ ስም የተጻፈባቸው ትንንሽ ካርዶች ፍሪጃችን ላይ፣ የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ላይ፣ የጀበናው መደርደሪያ ላይ ሳይቀር ተለጥፈው ነበር። የስድስት ዓመት ልጄ ክራኒያል ነርቮችን በቃሏ ትላቸዋለች።

የነርሲንግ ማመልከቻውን የሞላችው ባለፈው ወር ነው። በዚህኛው አጠገቧ ነበርኩ። እያንዳንዱን ጥያቄ ጮክ ብላ አነበበች፤ ያልገባትን እየጻፈች ለይታ አስቀመጠች። አራት ጥያቄ ሆነ። ጠዋት ፕሮግራሙ ቢሮ ደውላ አራቱንም ጠየቀች፣ መልሳቸውን ጻፈች፣ ከዚያ ነው «ላክ» የሚለውን የተጫነችው። መልሱን እየጠበቅን ነው።